የባህል ማኅበርና የቦርዱ አደራ

(በራዲዮ የተነገረ)



በዛሬው ምሽት ልናገርበት ያሰብሁት ጉዳይ ስሙ ሲጠራ ለጆሮ ደረቅ መስሎ የሚሰማ ነው። ይኸውም፣ ባህልንና ቅርስን ለመጠበቅ በበጎ ፈቃድ የሚቋቋም ማኅበር ሲኖር፣ የአስተዳደር ቦርዱ ሥራ ምንድን ነው? የሚል ጥያቄ ነው። ቦርድ ሲባል ብዙ ሰው በዐይነ ኅሊናው የሚያየው ረዥም ጠረጴዛ፣ ብዙ ወረቀትና በሰዓቱ የማይጀመር ስብሰባ ነው። ነገሩን ቀረብ ብለን ስንመረምረው ግን፣ የአንድ አገር ሕዝብ መታሰቢያ ይኖር ወይም ይጠፋ ዘንድ የሚወስኑት ብዙ ጊዜ በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚቀመጡት ጥቂት ሰዎች መሆናቸውን እንረዳለን።

ንግግሬን ሁሉም እንዲሰማው እወዳለሁ፤ ይልቁንም የገንዳ ውሃ፣ የመተማና የቋራ፣ በጠቅላላውም የምዕራብ ጎንደር ቆላ ነዋሪዎች እንዲያደምጡት እለምናለሁ። ምክንያቱን በአንድ ምሳሌ ልግለጽ።

የቋራው ካሣ፣ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የተባሉት ንጉሠ ነገሥት፣ ከዚሁ ቆላ ተነሥተው ዘውድ እንደ ደፉ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ንጉሡ በመድኃኔ ዓለም ስም ላሰቡት ቤተ ክርስቲያን ብለው ከጎንደር አድባራትና ከሌላውም ስፍራ እጅግ ብዙ የብራና መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት በመቅደላ አከማችተው ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ በእንግሊዝ ጦር ስትያዝና ንጉሡ ራሳቸውን ሲሠዉ፣ ያ ሁሉ ሀብት ተዘረፈ፤ በደላንታ ሜዳም በጨረታ ተሸጠ። ዛሬ በለንደን በብሪታንያ ሙዚየም 11 የኢትዮጵያ ታቦታት ለሕዝብ ዐይን ሳይታዩ ተዘግቶባቸው ይገኛሉ።

እንግዲህ እንጠይቅ። ስለ እነዚህ ታቦታት የሚወስነው ማን ነው? የሙዚየሙ ዲሬክተር ብቻውን አይደለም፤ የቤቱን ቁልፍ የያዘው ሹምም አይደለም። ወሳኙ፣ ቁጥራቸው እስከ 25 የሚደርስ ባለአደራዎች የሚቀመጡበት ቦርድ ነው። በ1955 ዓ.ም. የእንግሊዝ ፓርላማ ያወጣው የሙዚየሙ ሕግ ደግሞ፣ ይህ ቦርድ ከተረከበው ንብረት አንዳች ነገር እንዳያወጣ አጥብቆ ያስረዋል። በአንጻሩ በኤዲንበርግ ከተማ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ውስጥ የተገኘው ታቦት፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች ይመለስ ብለው ስለ ፈቀዱ በ1994 ዓ.ም. ወደ አገሩ ገብቷል። ከዐፄ ቴዎድሮስ ራስ ተቈርጦ የተወሰደውም ጠጕር፣ በለንደን ያለው የጦር ሠራዊት ሙዚየም ባለአደራዎች ተስማምተው በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ መንግሥት ተሰጥቷል። ንብረቶቹ የተዘረፉት በአንድ ዘመቻ ነው፤ ዕድላቸው ግን ተለያየ። የለያየውም እያንዳንዱን ዕቃ የያዘው ጉባኤ የሚወስንበት ሥርዓትና የወሰነው ውሳኔ ነው።

ከዚህ ምሳሌ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ቦርድ ማለት የመስጠትና የመከልከል ሥልጣን ያለው አካል መሆኑን ነው። ሁለተኛው ይበልጥ የሚደንቅ ነው። ያ በለንደን የሚያሳዝነን ጥብቅነት፣ ማለት «የተረከብሁትን አላወጣም» የሚለው ሕግ፣ በዘረፋ ላይ ሲቆም በደል ይሆናል፤ በእውነተኛው ባለቤት እጅ ሲሆን ግን ጋሻ ነው። እኛ በአገራችን የሚጐድለን ብዙ ጊዜ ይኸው ጋሻ ነው።

አሁን ወደ ቆላው እንመለስ። በ2010 ዓ.ም. ሰሜን ጎንደር ለሦስት ዞን ሲከፈል ገንዳ ውሃ የምዕራብ ጎንደር ዋና ከተማ ሆናለች። ዋና ከተማ መሆን ቢሮና መንገድ ብቻ አያስከትልም፤ የአካባቢውን መታሰቢያ የሚሰበስብ ቤትም ይፈልጋል። ለመሆኑ በዚያ ቆላ ሊሰበሰብ የሚገባው ምንድን ነው? ያልን እንደ ሆነ፣ ዝርዝሩ ረዥም ነው። መተማ የኢትዮጵያና የሱዳን የካራቫን ገበያ ሆና ቡናው፣ ሰሙና ጥጡ ሲለዋወጥባት የኖረች ከተማ ናት። ጥር 1880 ዓ.ም. የመሐዲስቶች ጦር በዚሁ በኩል ወጥቶ ሣር ውሃ ላይ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ሠራዊት ድል አድርጎ ጎንደርን አቃጥሏል። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ እዚያው መተማ ላይ ሲዋጉ ቆስለው ዐርፈዋል፤ ከተማዪቱም እስከ ዛሬ መተማ ዮሐንስ ተብላ በስማቸው ትጠራለች። በ1933 ዓ.ም. መጀመሪያ የነፃነት ጦርነት ሲጀመር ከጣሊያን ጋር ብርቱ ውጊያ ከተደረገባቸው ስፍራዎች አንዱ ይኸው የጋላባትና የመተማ ጠረፍ ነው። በቆላው በረሃ ጥንታዊው የማኅበረ ሥላሴ ገዳም ይገኛል። የጉሙዝ ሕዝብ ቋንቋውና ሥርዓቱ፣ የቅማንቱና የአማራው ልማድ፣ የመተማ እስላም ነጋዴ ታሪክ፣ የሰሊጥ አጫጁ የሥራ ዘፈን፣ የዕጣን ለቃሚው ጥበብ፣ ይህ ሁሉ በአንድ ጠረፍ ላይ ተገናኝቶ ይኖራል።

ይህ ሀብት ግን የተቀመጠው በአብዛኛው በሽማግሌዎችና በአሮጊቶች ደረት ውስጥ፣ በአንዳንድ ቤት ሣጥን ውስጥና በአንዳንድ መምህር ደብተር ውስጥ ነው። ሽማግሌው ሲሞት ይቀበራል። ሣጥኑ በወራሾች ይከፋፈላል። ደብተሩን ምስጥ ይበላዋል። ከዚህም በላይ አገሩ ጠረፍ ነው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሣ ብዙ ስደተኛ የገባው በመተማ በር ነው፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭትም ያልነካው አካባቢ ጥቂት ነው። እንደዚህ ባለ ስፍራ በአንድ ሰው እጅ ብቻ ያለ ነገር እንደ ጠፋ ይቈጠራል። ስለዚህ ለባህላቸው የሚቈረቈሩ የቆላው ልጆች ተሰብስበው ማኅበር ቢያቋቁሙ፣ ከሁሉ አስቀድመው ሊያስቡበት የሚገባ ነገር ቦርዱ ነው እላለሁ።

ቦርድ በሕግ ዘንድ አዲስ ነገር አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ ማኅበራት፣ ለበጎ ሥራ ተለይቶ ስለሚሰጥ ንብረትና ስለ አደራ በሰፊው ጽፏል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 ደግሞ በቦርድ የሚመራ ድርጅት የሚባለውን ዓይነት ለይቶ፣ ከፍተኛው ሥልጣን የቦርዱ እንዲሆን፣ የአባላቱም ቁጥር ከ5 እንዳያንስና ከ13 እንዳይበልጥ ደንግጓል። ቁጥሩ ያለ ምክንያት አልተወሰነም። ከአምስት ካነሰ የአንድ ቤተ ሰብ ምክክር ይሆናል፤ ከዐሥራ ሦስት ከበለጠም ገበያ ይሆናል።

አንዳንድ አድማጮች «አባቶቻችን ያለ ቦርድ ገዳሙንና ደብሩን እስከ ዛሬ አቆይተውልናል፤ ይህ የባዕድ ሥርዓት ለምን ያስፈልገናል?» ይሉ ይሆናል። ጥያቄው መልካም ነው፤ ነገር ግን አባቶቻችን ያለ ቦርድ አልነበሩም። ገዳም አበ ምኔት አለው፤ ነገር ግን አበ ምኔቱ ብቻውን አያዝም፤ ሀብቱን የሚያስተዳድር መጋቢ አለ፤ ንዋየ ቅድሳቱን ቈጥሮ የተረከበ ዕቃ ቤት አለ፤ ከሁሉም በላይ የማኅበረ መነኮሳቱ ምክር አለ። በየሰፈሩ ያለው ዕድርም ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው። በብዙ ስፍራም የገንዘቡ ሣጥን በልዩ ልዩ ሰዎች እጅ ባሉ ሁለትና ሦስት ቁልፎች እንጂ በአንድ ቁልፍ አይከፈትም። ይህን ያደረጉት ገንዘብ ያዡን ሌባ ነው ብለው አይደለም። አደራ የአንድ ሰው ትከሻ የሚችለው ሸክም አለመሆኑን ስለሚያውቁ ነው። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ማለታቸውም ስለዚህ ነው። እንግዲህ ቦርድ የምንለው ያንኑ የሣጥን ቁልፍ በጽሑፍና በሕግ ማደላደል ነው።

አሁን የቦርዱን ተግባር አንድ በአንድ እንመልከት።

የመጀመሪያው ተግባር ዓላማን መጠበቅ ነው። ማኅበር ሲቋቋም በመተዳደሪያ ደንቡ ላይ አንድ ዓላማ ይጻፋል። ዓመታት ሲያልፉ ግን ሥራው በገንዘብና በምስጋና ወደ ሌላ መንገድ ይሳባል። አንድ ባለጸጋ መጥቶ «ስሜ የሚጻፍበት አዳራሽ ልሥራላችሁ» ይላል፤ አዳራሹ ተሠርቶ የሚቀመጥበት መዝገብና ዕቃ ግን የለም። ወይም ማኅበሩ በየስብሰባው እንግዳ ለመቀበል ዘፋኝና ጨፋሪ እንዲያቀርብ ይጠየቃል፤ ባህሉም ለእንግዳ አቀባበል ማድመቂያ ሆኖ ይቀራል። እንዲህ ባለ ጊዜ ከጠረጴዛው ዙሪያ አንድ ሰው ተነሥቶ «ይህ ከተቋቋምንበት ዓላማ ጋር ይስማማልን?» ብሎ መጠየቅ አለበት። የቦርድ አባል ድፍረት የሚመዘነው በዚህ ጥያቄ ነው።

ዓላማን መጠበቅ መራራውንም ታሪክ መጠበቅ ነው። የመተማ ገበያ የሚነግድበት ቡናና ሰም ብቻ አልነበረም፤ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሰውም ይሸጥበት ነበር። ከተሸጡትም መካከል ከጉሙዝና ከሌሎች የጠረፍ ሕዝቦች የተያዙ ሰዎች ይገኙባቸዋል። ይህን ታሪክ መመዝገብ አንዳንዱን ያስቈጣል፤ አንዳንዱን ያሳፍራል። ሥራ አስኪያጁ ብቻውን ቢመዘግበው ከሥራው ሊባረር ይችላል። ቦርዱ ግን «ይመዝገብ፤ ኃላፊነቱን እኛ እንወስዳለን» ብሎ ሲወስን፣ እውነት ጠበቃ አገኘች ማለት ነው። እንዲሁም በመተማ ሜዳ የወደቀው የኢትዮጵያ ሠራዊት ብቻ አይደለም፤ ከወዲያኛውም ወገን የወደቁ ብዙ ናቸው። ዛሬ ልጆቻቸው በአንድ ገበያ የሚገበያዩ ስለሆነ፣ የሁለቱን ወገን ሙታን መታሰቢያ በክብር የሚጽፍ ማኅበር ለሰላምም ሥራ ይሠራል።

ሁለተኛው ተግባር ንብረትን በመዝገብ መያዝ ነው። ብዙ ማኅበራት በመጀመሪያው ዓመት ከበሮ፣ ጦር፣ ጋሻ፣ የጥንት ልብስና ፎቶግራፍ ይሰበስባሉ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ግን «ይህ ዕቃ ከማን መጣ? ተሰጥቶን ነው ወይስ ተውሰን?» ተብሎ ሲጠየቅ መልስ አይገኝም። ስለዚህ ቦርዱ ለእያንዳንዱ ዕቃ ቁጥር፣ ሥዕል ወይም ፎቶግራፍ፣ የሰጪው ስም፣ የተሰጠበት ቀንና የተሰጠበት ውል እንዲጻፍ ማዘዝ አለበት። ከመዝገቡም አንድ ቅጂ ከከተማው ውጭ፣ ለምሳሌ በጎንደር ወይም በአዲስ አበባ፣ በታመነ ስፍራ ይቀመጥ። ለምን? ቢባል፣ ወደ ጎረቤታችን መመልከት ይበቃል። በካርቱም የነበረው የሱዳን ብሔራዊ ሙዚየም በ2015 ዓ.ም. በተነሣው ጦርነት ተዘርፏል። የተዘረፈውን ዕቃ በዓለም ገበያ ላይ ተከታትሎ «ይህ የእኛ ነው» ለማለት የሚቻለው አስቀድሞ በተጻፈ መዝገብ ነው። መዝገብ የሌለው ባለቤት በፍርድ ፊት ምስክር እንደሌለው ተሟጋች ነው።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የተደነገገው አዋጅ ቁጥር 209ም ቅርስ እንዲመዘገብ፣ በእጁ ያለው ሰውም በጥንቃቄ እንዲይዘው፣ ያለ ፈቃድም ከአገር እንዳይወጣ ያዛል። እንግዲህ መዝገቡ የሕግም ግዴታ ነው ማለት ነው። በዚሁ ላይ የምጨምረው፣ ከአንድ ሽማግሌ አንደበት የተቀረጸ ድምፅም ንብረት መሆኑን ነው። ተራኪው ፈቅዷልን? ድምፁን ማን ሊጠቀምበት ይችላል? ለንግድ ቢውልስ ለማን ይከፈላል? ይህን ሁሉ ቦርዱ አስቀድሞ በጽሑፍ ይወስን። ያለዚያ በመቅደላ ያዘንንበትን ነገር እኛው በገዛ ወገናችን ላይ እንፈጽመዋለን።

ሦስተኛው ተግባር ሥራ አስኪያጅን መምረጥና መቈጣጠር ነው። በዚህ ላይ ሁለት ስሕተቶች ይታያሉ። አንዱ ቦርድ ሥራ አስኪያጁ ያመጣውን ሁሉ ሳያነብ ይፈርማል፤ እንዲህ ያለው ቦርድ ማኅተም እንጂ ጉባኤ አይደለም። ሌላው ቦርድ ደግሞ ሥራ አስኪያጁን አላሠራ ይላል፤ የወንበሩን ቀለም፣ የዘበኛውን ደሞዝ፣ የከበሮውን ጠፍር ሳይቀር ራሱ ይመርጣል። የመጀመሪያው ዐይኑን የጨፈነ ነው፤ ሁለተኛው በሌላው ሰው እጅ የሚሠራ ነው። መልካሙ ሥርዓት ግን፣ ቦርዱ ወዴት እንደሚኬድ ይወስናል፤ ሥራ አስኪያጁ ይሄዳል፤ ቦርዱ ደግሞ «ደረስህን? ስንት አወጣህ? ምን አገኘህ?» ብሎ በየጊዜው ይጠይቃል። ቦርዱ ትእዛዙን በጉባኤ ይሰጣል እንጂ አንድ አባል ብቻውን ወደ ጽሕፈት ቤት ገብቶ ሠራተኛ ማዘዝ አይገባውም። የቦርድ አባል ሥልጣን ያለው ጉባኤው በተቀመጠበት ሰዓት ነው፤ ከጉባኤው ሲወጣ እንደ ማንኛውም ሰው ነው።

አራተኛው ተግባር ገንዘብን ማስተዳደር ነው። ለቆላው ሰው ይህን በዕጣን ዛፍ ብመስለው ይቀለኛል። የመተማ ዕጣን በበጋ ወራት የዛፉ ቅርፊት እየተጫረ የሚለቀም ነው። ዛፉ በልክ ቢጫርና በየጊዜው ቢያርፍ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ዕረፍት አጥቶ በየዓመቱ ከተጫረ ግን ይደክማል፤ ዘሩ አይበረታም፤ የዕጣን ዛፍ ደን በመተማም ጭምር በወጣት ችግኝ ሳይተካ እያረጀ መሄዱን የደን ጥናት አሳይቷል። የባህል ማኅበር ገንዘብም እንዲሁ ነው። ዋናው ገንዘብ ዛፉ ነው፤ በየዓመቱ የሚገኘው ገቢ ዕጣኑ ነው። በችግር ጊዜ ዛፉን ቈርጦ ለመሸጥ የሚመክር ሰው አይታጣም። ቦርዱ ያን ጊዜ ዛፉን የሚያሳርፍ ባለቤት መሆን አለበት። ከላይ የጠቀስሁት የ2011ቱ አዋጅም ለአስተዳደር የሚወጣው ወጪ ከጠቅላላው ገቢ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ የወሰነው ገቢው ደሞዝና ኪራይ ሆኖ እንዳይቀር ነው።

የገንዘብን ነገር ካነሣን ዘንድ የጥቅም ግጭትን ሳንናገር አናልፍም። ትንሽ ከተማ ውስጥ ሁሉም ሰው ዘመድ ነው። የቦርዱ አባል መኪና ያከራያል፤ ወይም ወንድሙ ግንበኛ ነው፤ ወይም አማቹ ማተሚያ ቤት አለው። ይህ ኀጢአት አይደለም። ማኅበሩ መኪና ሊከራይ ወይም ቤት ሊያሠራ በተነጋገረ ጊዜ ግን ያ አባል ጥቅሙን ገልጦ፣ ከስብሰባው ወጥቶ፣ መውጣቱም በቃለ ጉባኤ ላይ ተጽፎ ሌሎቹ ይወስኑ። ሒሳቡም በየዓመቱ የማኅበሩ ወገን ባልሆነ ኦዲተር ተመርምሮ ለሕዝብ ይነበብ። የእኛ ሰው «እህል ቢያንቅ በውሃ ይዋጣል፤ ውሃ ቢያንቅ በምን ይዋጣል?» ይላል። ሥራ አስኪያጅ ቢሳሳት ቦርድ ያርመዋል፤ ቦርድ ቢያጠፋ ግን አራሚው ሩቅ ነው።

አምስተኛው ነገር በወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ማን ነው? የሚለው ነው። ብዙ ጊዜ ቦርድ ሲመረጥ ስሙ የታወቀ ሹም፣ ገንዘብ ያለው ነጋዴና አንድ ምሁር ይፈለጋል። እነዚህ መልካም ናቸው፤ ነገር ግን አይበቁም። ሹሙ በዓመት ወደ ሌላ ስፍራ ይዛወራል፤ ስሙ በወረቀት ላይ ይቀራል እንጂ እርሱ በስብሰባ ላይ አይገኝም። በገንዳ ውሃ የሚቋቋም የባህል ማኅበር የጉሙዝን ታሪክ የጉሙዝ ሰው በቦርዱ ሳይኖር፣ የቅማንቱን የቅማንት ሰው ሳይኖር፣ የእስላሙን ነጋዴ ታሪክ እስላም ሳይኖር ቢጽፍ፣ ስለ ሰው ይናገራል እንጂ ከሰው ጋር አይናገርም። ሴቶችም ይኑሩበት፤ ልቅሶውን፣ እሹሩሩውን፣ የሠርጉን ዘፈንና የሽመናውን ፈትል ከእነርሱ በላይ ማን ያውቀዋል? በመጨረሻም ሒሳብ የሚያውቅ አንድ ሰው፣ ሕግ የሚያውቅ አንድ ሰውና ከሠላሳ ዓመት በታች የሆነ አንድ ወጣት ይጨመሩበት።

የስብሰባውም ጊዜ እንደ አገሩ ይሁን። በቆላው የሰሊጥ አጨዳ በደረሰ ጊዜ ባለ እርሻውም፣ ነጋዴውም፣ ከደጋ የሚወርደው ሳሉግም ወደ በረሃው ይገባል፤ በክረምት ደግሞ የገጠሩ መንገድ በጭቃ ይዘጋል። የአዲስ አበባን የጊዜ ሰሌዳ ቀድቶ በጥቅምት የጠራው ጉባኤ ምልዓተ ጉባኤ ባያገኝ ሰዎቹን ግድ የለሾች ማለት አይገባም። ጥፋቱ የሰሌዳው ነው።

ስድስተኛውና የመጨረሻው ተግባር መተካካት ነው። በዚህ ላይ የአገራችን ታሪክ ሁለት ትምህርቶችን ይሰጠናል።

የመጀመሪያው የሀገር ፍቅር ማኅበር ነው። ሐምሌ 11 ቀን 1927 ዓ.ም. የፋሺስት ጦር በደጅ ቆሞ ሳለ፣ ሕዝቡን በንግግርና በዘፈን ለማንቃት በክቡር አቶ መኰንን ሀብተ ወልድ ጠንሳሽነት ተቋቋመ። ከነፃነት በኋላም ከልዩ ልዩ ክፍለ አገር አዝማሪዎችን ሰብስቦ፣ የኢትዮጵያን ዘመናዊ ቴአትርና ሙዚቃ ካሳደጉት ቤቶች አንዱ ሆነ። አቶ መኰንን በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በተደረገው የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ተገደሉ። ቤቱ ግን አልተዘጋም። ሥርዓተ መንግሥት ሲለዋወጥ፣ ሀገር ፍቅር ቴአትር አስተዳዳሪው ቢለዋወጥም መድረኩ ሳይታጠፍ እስከ ዘመናችን ደርሷል።

ሁለተኛው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅት ነው። ይህ ድርጅት ለሥነ ጽሑፍና ለሥነ ጥበብ ታላቅ ክብር የሰጠ ነበር። ከበደ ሚካኤልና አፈወርቅ ተክሌ፣ በኋላም ገብረ ክርስቶስ ደስታ፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅንና እስክንድር ቦጎሲያን ከተሸላሚዎቹ መካከል ነበሩ። ስሙም ክብሩም በአንድ ንጉሥ ላይ የተመሠረተ ስለ ነበረ ግን፣ በ1966 ዓ.ም. በፈነዳው አብዮት ዘውዱ ሲወድቅ ሽልማቱም አብሮ ቀረ። ሥራው ክፉ ስለ ነበረ አልጠፋም፤ ምሰሶው አንድ ብቻ ስለ ነበረ ነው።

መሥራች ሁሉ ይህን ልብ ይበል። ማኅበር ያቋቋመ ሰው ማኅበሩን እንደ ልጁ ይወደዋል፤ መውደዱም ያስመሰግነዋል። ነገር ግን ልጅ አድጎ ከአባቱ ቤት መውጣት አለበት። ስለዚህ በመተዳደሪያ ደንቡ ላይ የአባልነት ዘመን ይወሰን፤ ሁሉም በአንድ ቀን እንዳይወጡ አባላቱ በየተራ ይለወጡ፤ መሥራቹም በጊዜው ወንበሩን ለቅቆ በአማካሪነት ይቀመጥ። የሚወጣው አባል ለሚገባው መዝገቡን፣ ቁልፉንና ያልተፈጸመውን ጉዳይ በምስክር ፊት ያስረክብ። ደግሞም ማኅበሩ አንድ ቀን ቢፈርስ ንብረቱ ወዴት እንደሚሄድ በመጀመሪያው ቀን ይጻፍ። ይህ መልካም ያልሆነ ምኞት መስሎ ለሚታየው ሰው የምሰጠው መልስ፣ ኑዛዜ የሚጽፍ ሰው ሞትን እንደማይጠራ ሁሉ፣ ይህን የሚጽፍ ማኅበርም መፍረስን አይጠራም የሚል ነው።

የተከበራችሁ አድማጮች፤

እስካሁን የተናገርሁትን በአጭሩ ልሰብስበው። የባህል ማኅበር ንብረት የመሥራቹ አይደለም፤ የሥራ አስኪያጁ አይደለም፤ የቦርዱም አይደለም። ሁለት ባለቤቶች አሉት፤ አንደኛዎቹ ሙታን ናቸው፤ ሁለተኛዎቹ ገና ያልተወለዱ ናቸው። ሁለቱም በስብሰባ ላይ ተገኝተው ድምፅ መስጠት አይችሉም። ቦርድ ማለት እነዚህ ሁለቱ የማይናገሩ ባለቤቶች በመካከላቸው የሾሙት ጠበቃ ነው። ስለዚህ የቦርድ አባል ውሳኔ ከመስጠቱ በፊት «ይህን የሰጡን አባቶች ቢሰሙ ምን ይሉ ነበር? ይህን የሚረከቡ ልጆች ሲያነብቡስ ምን ይሉናል?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ።

ከገንዳ ውሃ፣ ከመተማ፣ ከቋራና ከአካባቢው የምትሰሙኝ ወገኖች፤ ዐፄ ቴዎድሮስ የሰበሰቡት ሀብት በባዕድ ጉባኤ ፊት ዛሬም ፍርድ ይጠብቃል። እርሱን ለማስመለስ የሚደክሙ ሰዎች አሉ፤ በርቱ እንበላቸው። በእጃችሁ የቀረው ግን ፍርዱ የእናንተ ነው። መዝገብ ለመክፈት አዳራሽ አያስፈልግም፤ አንድ ደብተር፣ አንድ ጸሐፊና አምስት የታመኑ ሰዎች ይበቃሉ። በዚህ ክረምት በደብተሩ ላይ የሚጻፈው የመጀመሪያው የሽማግሌ ቃል ለሚመጣው ክረምት ላይገኝ ይችላልና አትዘግዩ።